የልጄ የቮሪኮናዞል ሌቭል (ደም ውስጥ ያለው የመድኃኒቱ መጠን) 0.6 መጣ፣ ጉበት የተተከለላቸው ልጆች ወላጆች እባካችሁ

የናቲ እናት (ሰኔ 2፣ ማታ 3:20)

ሰላም ለሁላችሁ። አራት ኪሎ ነው የምንኖረው፣ ልጄ 2 ዓመት ከ6 ወሩ ነው፣ 11 ኪሎ ይመዝናል። ከተወለደ ጀምሮ የሀሞት ቱቦው ዝግ ነበር፣ ቢሊያሪ አትሬዥያ የሚሉት፣ ጥር ላይ ዴልሂ ወስደነው ከአባቱ ጉበት ተቆርጦ ተተከለለት፣ እግዚአብሔር ይመስገን አባትየውም ደህና ነው። ግን በሦስተኛው ሳምንት ትኩሳት አልለቀው አለ፣ ሲቲ ሲነሳ ሳንባው ላይ አስፐርጊለስ የሚባል ፈንገስ አለ ተባለና ቮሪኮናዞል ተጀመረለት። ያኔ ሰውነቱ አዲሱን ጉበት እንዳይገፋ የሚወስደውን የታክሮሊመሱን ዶዝ ከ1.5 ወደ 0.5 ሚሊግራም አወረዱት፣ ጠዋትና ማታ ነው የሚወስደው። ከፋሲካ በኋላ ስንመለስ ቮሪኮናዞሉ 2.8 ታክሮሊመሱ 9.2 ነበር፣ ሁሉም ደስ ብሏቸው ነው የሸኙን።

አሁን እዚህ ደም አሰጥቼ የቮሪኮናዞሉን ላቡ ወደ ውጭ ልኮ በሳምንቱ 0.6 ብሎ መጣ፣ ታክሮሊመሱም 4.1 ነው። ዶዝ አልቀየርኩም፣ አንድ ቀን እንኳን አልዘለልኩም፣ እራሴ በሲሪንጅ እየለካሁ ነው የምሰጠው። ልጁ ይጫወታል ይበላል ትኩሳትም የለውም። ታዲያ መድኃኒቱ የት ገባ? ከትናንት ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም፣ የሚያውቅ ካለ በማርያም ንገሩኝ።

የሶሊ አባት (ሰኔ 2፣ ማታ 4:05)

እህቴ አይዞሽ፣ የኔዋ ከተተከለላት 3 ዓመቷ ነው አሁን ትምህርት ቤት ገብታለች። ስለ ቁጥሩ ከመነጋገራችን በፊት እስኪ እነዚህን መልሺልኝ፣ እኛንም ዶክተሩ መጀመሪያ የሚጠይቀን እነሱን ነው። መድኃኒቱን ስንት ሰዓት ሰጠሽው፣ ደሙስ ስንት ሰዓት ተቀዳ? ሽሮፕ ነው ወይስ ኪኒን ፈጭተሽ? ከምግብ ጋር ነው የምትሰጪው? ጠርሙሱ ከተበጠበጠ ስንት ቀኑ ነው?

የናቲ እናት (ሰኔ 2፣ ማታ 4:30)

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሽሮፕ ነው፣ 2.5 ሚሊ ጠዋት 1 ሰዓትና ማታ 1 ሰዓት። ባዶውን ስሰጠው ስለሚተፋው ከገንፎ ጋር ነው የምሰጠው፣ ገንፎውን በቅቤ አድርጌ መሀሉ ላይ ጠብ አደርገውና ቶሎ ይውጠዋል፣ ኪሎም እንዲጨምር ብዬ ነው። ደሙ የተቀዳው 3 ሰዓት ከሩብ ላይ ነው፣ ወረፋ ነበር። ጠርሙሱን ፍሪጅ ነው የማስቀምጠው እንደዛ ነው የተነገረኝ። ከተበጠበጠ... ሶስት ሳምንት ሊሆነው ነው መሰለኝ።

ላብ ሜክሲኮ (ሰኔ 3፣ ጠዋት 12:50)

ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው፣ የእህታችን መልስ ላይ ትልቅ ነገር ስላለ ሥራ ሳልገባ ልጻፈው።

ለቮሪኮናዞልም ለታክሮሊመስም ዶክተሮቹ የሚፈልጉት ትራፍ የሚባለውን ነው። ማለት የሚቀጥለው ዶዝ ሊሰጥ ሲል፣ መድኃኒቱ ደም ውስጥ ከሁሉም ዝቅ ያለበት ሰዓት ላይ የተቀዳ። ለቮሪኮናዞል ብዙ ጊዜ የሚፈለገው ከ1 እስከ 5.5 ሚሊግራም በሊትር ነው እሱም ትራፉ ነው። አንቺ 1 ሰዓት ሰጥተሽ 3:15 ከተቀዳ ግን ከዶዙ በኋላ 2 ሰዓት ከሩብ ሆኖታል፣ ይሄ መድኃኒቱ ከፍ የሚልበት ሰዓት ነው። ከፍ ባለበት ሰዓት 0.6 ከሆነ ትራፉ ከዛም ያንሳል ማለት ነው። ላስደነግጥሽ አይደለም፣ ግን ቁጥሩን "ትንሽ ነው ያነሰው" ብሎ ማለፍ አይቻልም።

ሌላው፣ ፎርሙ ላይ የተጻፈው ሰዓት በማን አቆጣጠር ነው? በኛ ከሆነ 3:15 ይላል። ዴልሂ ያለው ዶክተር ፋይሉ ላይ ዶዝ 7 ሰዓት ነው ብሎ ጽፏል በነሱ፣ ፎርሙ 3:15 ሲለው ከሰዓት በኋላ ነው ብሎ ያነበዋል፣ ከዶዙ 8 ሰዓት በኋላ ተቀዳ ማለት ነው ለሱ፣ ወደ ትራፍ የተጠጋ አድርጎ ይወስደዋል ማለት ነው። እባክሽ ዛሬውኑ ደውለሽ አስተካክዪ። እኔ የማደርገው ፎርሙ ላይ "ዶዝ የተሰጠበት" እና "ደም የተቀዳበት" ብዬ ሁለቱንም በሀበሻም በፈረንጅም ሰዓት መጻፍ ነው።

ቲዩቡንም ጠይቂ። ታክሮሊመስ ቀይ የደም ሴል ውስጥ ስለሚቀመጥ ሙሉ ደሙ ነው የሚለካው፣ ሐምራዊ ክዳን ያለው ቲዩብ። የቮሪኮናዞሉ ግን ሴንትሪፉጅ ተደርጎ ፕላዝማው ወይም ሴረሙ ነው የሚላከው፣ ጄል ያለው ቲዩብ ባይሆን ይመረጣል ጄሉ መድኃኒት ሊይዝ ይችላል።

ፋርማሲስቷ ፒያሳ (ሰኔ 3፣ ጠዋት 2:35)

የናቲ እናት እህቴ፣ ላብ ሜክሲኮ ያለው ትክክል ነው፣ እኔ ደግሞ ስለ ገንፎው ልንገርሽ።

ቮሪኮናዞል ቅባት ካለው ምግብ ጋር አይስማማም። ሽሮፑ ቅባት ከበዛበት ምግብ ጋር ሲወሰድ ወደ ደም የሚገባው ጠቅላላ መጠን 37 በመቶ ይቀንሳል፣ ከፍታው ደግሞ 58 በመቶ። ኪኒኑም ይቀንሳል ግን እንደ ሽሮፑ አይደለም። ስለዚህ ከምግብ ቢያንስ 1 ሰዓት በፊት ወይም 1 ሰዓት በኋላ ነው የሚሰጠው፣ ከሌላ መጠጥ ጋርም አይቀላቀልም። አንቺ በደግነት ቅቤ ያደረግሽበት ገንፎ ነው መድኃኒቱን ያስቀረው። እራስሽን እንዳትወቅሺ፣ ይሄን ቁጭ ብሎ ያስረዳሽ ሰው የለም፣ እኔ መድኃኒት ቤት ውስጥ በቀን ስንት እናት ከምግብ ጋር ስጪ ተብላ ለሁሉም መድኃኒት እንደዛ ስታደርግ አያለሁ። ነገሩን የሚያደናግረው ደግሞ ወንድሙ ፖሳኮናዞል ነው፣ የሱ ሽሮፕ ተቃራኒው ነው፣ ቅባት ያለው ምግብ ይፈልጋል።

ፍሪጁም እንደዚሁ። ዱቄቱ ሳይበጠበጥ ፍሪጅ ነው፣ ፍሪጅ ያሉሽ እሱን መሆን አለበት። ከተበጠበጠ በኋላ ግን ውጪ ነው የሚቀመጠው፣ ከ30 ዲግሪ በታች፣ ለአዲስ አበባ ቁምሳጥን በቂ ነው። እድሜውም 14 ቀን ብቻ ነው፣ ሶስት ሳምንት የሆነውን ዛሬውኑ ተዪው። አዲሱን ስትከፍቺ ጠርሙሱ ላይ ቀኑን በፓርከር ጻፊበት፣ ከመቅዳትሽ በፊት 10 ሰከንድ ያህል በደንብ ነቅንቂው ካለዚያ ከላይ ውሃ ከታች መድኃኒት ነው።

አሁን ዋናው። ታክሮሊመሱ 9.2 የነበረው ወደ 4.1 የወረደው ለምን ይመስልሻል? ዶዙ አልተነካም። ቮሪኮናዞል ጉበት ውስጥ ታክሮሊመስን የሚያፈርሰውን ኤንዛይም ይይዘዋል፣ ለዛ ነው ሲጀመር ታክሮሊመሱን ወደ አንድ ሦስተኛ ያወረዱት። ቮሪኮናዞሉ ደም ውስጥ ካነሰ ኤንዛይሙ ይለቀቃል፣ ያ ትንሽ የታክሮሊመስ ዶዝ ደግሞ ብቻውን አይበቃም። ስለዚህ 4.1 ሁለተኛ ምስክር ነው፣ 0.6 የላብ ስህተት አይደለም። ሁለቱ በአንድ ቀንበር የተጠመዱ በሬዎች ናቸው፣ አንዱን ነክተሽ ሌላውን ሳታዪ መሄድ የለም። አሁን አሰጣጡን ስታስተካክዪ ቮሪኮናዞሉ ይወጣል፣ ታክሮሊመሱም ተከትሎት ይወጣል፣ ከበዛ ኩላሊት ይጎዳል ያንቀጠቅጣል። በ2 ወይ በ3 ቀን ታክሮሊመሱ መታየት አለበት። ዴልሂ ሳትደውዪ ግን ገንፎውንም ሰዓቱንም እንዳትቀይሪ፣ ምክንያቱ ይሄ ነው።

የናቲ እናት (ሰኔ 3፣ ከሰዓት 9:10)

እያለቀስኩ ነው ያነበብኩት። ደወልኩ። ላብ ሜክሲኮ እንዳልከው ነው፣ የልጄ ዶክተር 3:15ን ከሰዓት በኋላ ነው ብሎ ነበር የያዘው፣ ነገሩን ሳስረዳው ዝም አለና እንደገና ሰዓቱን አስደገመኝ። መጀመሪያ ዶዙን ትንሽ ጨምረን እንይ ሊለኝ ነበር። አሁን ግን ዶዙ እንዳለ ሆኖ አዲስ ጠርሙስ ክፈቺ፣ ባዶ ሆዱን ስጪው፣ ታክሮሊመስ በ3ኛው ቀን፣ ቮሪኮናዞል በ5ኛው ቀን አለኝ። ደረት ሲቲም እዚህ ይነሳ ብሏል። እስከዛ ማንኛውም ትኩሳት ካለ በሰዓቱ ደውዪ ተባልኩ።

ሰዓቱን ጠዋት 12 ሰዓት አደረግነው፣ ሲነቃ ወዲያው፣ ቁርስ ከ1 ሰዓት ከሩብ በኋላ። ዛሬ ገንፎውን እያየ አንድ ሰዓት ሙሉ አለቀሰ፣ አባቱ ተሸክሞት ግቢ ውስጥ ሲዞር ነበር።

የሶሊ አባት (ሰኔ 3፣ ማታ 2:15)

ፋርማሲስቷ ስለ ቀንበሩ ያለችው ከልቤ ገባ፣ የኛ ተቃራኒው ነው የደረሰብን። ሶሊ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ፍሉኮናዞል ነበር የምትወስደው፣ ካንዲዳ የሚባለውን ሌላ ፈንገስ ለመከላከል። እሱ እንደ ቮሪኮናዞል ደም ውስጥ መለካት ብዙም አያስፈልገውም፣ ታክሮሊመስን ግን እሱም ይነካዋል፣ ትንሽ ለስለስ ይላል እንጂ። ከዛ አንድ ቀን ክትትል ስንሄድ "ፍሉኮናዞሉ ይብቃት" ተባለ፣ እኛም አንድ መድኃኒት ቀነሰላት ብለን ደስ አለን፣ በቃ ቆመ። ታክሮሊመሱን ከፍ አድርጉ ያለን የለም፣ ቀጣዩ ቀጠሮ በወሩ ነበር።

በወሩ ስንሄድ ጉበት ሲጎዳ ደም ውስጥ የሚጨምረው የጉበቷ ኤንዛይም እንዳለ ተነስቷል፣ ታክሮሊመሱ 2.4። መርፌ ጉበቷ ውስጥ ገብቶ ናሙና ተወሰደ፣ ሪጀክሽን ነው፣ ሰውነቷ ጉበቱን እየገፋው ነው ተባለ፣ ሦስት ቀን በደም ሥር ስቴሮይድ ተሰጣት። ተመለሰች ተመስገን። ያን ሳምንት ግን እስከዛሬ አልረሳውም፣ እናቷ ከሆስፒታሉ ኮሪደር አልተነሳችም። ፀረ ፈንገስ ሲጀመር ሁሉም ይጠነቀቃል፣ ሲቆም ግን የሚያስታውስ የለም። ናቲም አንድ ቀን ቮሪኮናዞሉ ይቆማል፣ ያን ቀን ታክሮሊመሱ ስንት ይሁን፣ ደሙስ መቼ ይታይ ብለሽ ሳትጠይቂ ከክፍሉ እንዳትወጪ።

እሙ ኢምራን (ሰኔ 4፣ ጠዋት 4:40)

አሰላሙ አለይኩም፣ ልደታ ነኝ። እኛ ጋ ደግሞ የበዛ ነበር። ልጄ 7 ዓመቱ ነው፣ በቮሪኮናዞል ሳለ አንድ ሌሊት ተነስቶ ግድግዳው ላይ ጉንዳን ነው የሚሄደው እያለ መጮህ ጀመረ፣ በማግስቱም መጋረጃው ያወራኛል አለ፣ ቀን ደግሞ መብራቱ ይበዛብኛል እያለ ዓይኑን ይከልላል። አማቴ ቁርዓን እናስቀራለት አሉ፣ አስቀራንለት፣ ጎረቤቴም ጠበል ይዛ መጣች አላህ ይስጣት በፍቅር ነው። የማታ ማታ ግን ወንድሜ መድኃኒቱ ይታይ ብሎ ወሰደን፣ ሌቭሉ 7.8 ነው የመጣው። ዶዙ ቀነሰ፣ በሦስት ቀን ጉንዳኑም ድምፁም ጠፋ። ያን ሰሞን ኢንፌክሽን ነበረበት ሰውነቱ ተቆጥቶ ነበር፣ ዶክተሩ እንደዛ ሲሆን ጉበት መድኃኒቱን ማፍረስ ስለሚያዘገም ያው ዶዝ ሊበዛ ይችላል አለን። ልጅ ሌሊት የሌለ ነገር አየሁ ካላችሁ ዱዓውንም አድርጉ ሌቭሉንም አስለኩ።

ወንድወሰን አዲስ (ሰኔ 4፣ ቀን 7:30)

ሁላችሁንም አከብራለሁ ግን የምር ይሄ ሁሉ ምርመራ ያስፈልጋል ወይ? ደም ወደ ውጭ መላክ ስንት እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ የእህቴን ልጅ ነው የማስታምመው ገንዘቡ ከየት ይምጣ። በኪሎው ተሰልቶ ነው የተሰጠው፣ ልጁ ደህና ከሆነ፣ ጉበቱም በተራ ምርመራ ደህና ከሆነ አይበቃም?

ሐኪም የሕፃናት (ሰኔ 4፣ ማታ 1:50)

ወንድወሰን ጥያቄህ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፣ ገንዘቡ ቀላል አይደለም። በኪሎ ማስላት ግን ለዚህ መድኃኒት አይበቃም። ትንንሽ ልጆች ቮሪኮናዞልን ከአዋቂ በበለጠ ፍጥነት ነው የሚያስወግዱት፣ ለዛ ነው ከ2 እስከ 12 ዓመት ላለ ልጅ በአፍ 9 ሚሊግራም በኪሎ በየ12 ሰዓቱ የሚሰጠው፣ አዋቂ የሚወስደው በኪሎ ሲሰላ ከዛ በጣም ያነሰ ነው። በዛ ላይ ዘር አለ። መድኃኒቱን በዋናነት የሚያፈርሰው ሲዋይፒ2ሲ19 የሚባል ኤንዛይም ነው፣ ይሄን ኤንዛይም ፈጣን የሚያደርገው 17 ቁጥር የሚባለው የጂን ዓይነት በ2006 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ኢትዮጵያውያን ላይ 18 በመቶ ነው የተገኘው፣ ስዊድኖች ላይም እንደዛው፣ ቻይኖች ላይ 4 በመቶ። ስለዚህ ሌላ አገር ልጅ ላይ የበቃ ዶዝ የኛ ልጅ ላይ ላይበቃ ይችላል። የተተከለ ልጅ ላይ ደግሞ ጂኑ ሁለት ነው፣ ጉበቱ የለጋሹ ነው፣ ናቲ መድኃኒቱን የሚያፈርሰው በአብዛኛው በአባቱ ጂን ነው።

"ልጁ ደህና ነው" የሚለው ደግሞ ያሳስበኛል። አስፐርጊለስ ሲመለስ መጀመሪያ ላይ ላይታይ ይችላል፣ የሰውነት መከላከያው በመድኃኒት ስለታፈነ ትኩሳትም ላያመጣ ይችላል። ናቲ 0.6 ሆኖ ኳስ ይጫወት ነበር እኮ። ወጪ ለመቀነስ ከሆነ በዘፈቀደ ደጋግሞ ከመላክ ይልቅ ቦታውን መምረጥ ነው። ሲጀመር በመጀመሪያው ሳምንት፣ ዶዝ ሲቀየር፣ ሌላ መድኃኒት ሲገባ ወይ ሲወጣ፣ መርዛማነት ሲጠረጠር። ታክሮሊመስ እዚሁ በማግስቱ ስለሚደርስ፣ ዶዙ ሳይነካ ድንገት ከወረደ ወይ ከወጣ ቮሪኮናዞሉ ተነክቷል ብሎ መጠርጠር ይቻላል፣ ይተካዋል ማለት ግን አይደለም።

ካስፖፈንጊን ወይ ሚካፈንጊን የሚባሉት ሌሎች ፀረ ፈንገሶች ቢሰጡ አይሻልም ወይ ያለ በውስጥ መስመር ጽፎልኝ ነበር። ከታክሮሊመስ ጋር ብዙም አይጋጩም እውነት ነው፣ ግን በደም ሥር ብቻ ናቸው፣ ቤት ለሚኖር ልጅ ለወራት ከባድ ነው፣ ለአስፐርጊለስም የመጀመሪያ ምርጫ ቮሪኮናዞል ነው።

ገነት ካዛንቺስ (ሰኔ 5፣ ጠዋት 3:05)

ዶክተር ይቅርታ አንድ ነገር ልጠይቅዎ፣ የኔ ልጅም ተተክሎላት ቮሪኮናዞልና ታክሮሊመስ ላይ ናት። ግቢያችን ውስጥ ያለች ልጅ ቲቢ ተገኘባትና ጤና ጣቢያ ለሁላችንም መከላከያ ኪኒን እንጀምር ብለውናል። ልስጣት?

ሐኪም የሕፃናት (ሰኔ 5፣ ጠዋት 3:20)

ገነት ለልጅቷ አንድም ኪኒን እንዳትሰጪ፣ መጀመሪያ ተከላውን ለሚከታተላት ዶክተር አሁኑኑ ደውዪ። መከላከያው ብዙ ጊዜ ሪፋምፒሲን ወይ ሪፋፔንቲን አለው። ሪፋምፒሲን ቮሪኮናዞልን ከደም ውስጥ 96 በመቶ ያጠፋዋል፣ ታክሮሊመሱንም አብሮ ይጥለዋል፣ ፈንገሱም ሪጀክሽኑም በአንድ ጊዜ ነው የሚመጣብሽ። መከላከያ አያስፈልጋትም ማለቴ አይደለም፣ ሪፋምፒሲን የሌለበት መንገድ አለ፣ እሱን ሁለቱ ሐኪሞች ተነጋግረው ይወስኑ። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ፌኖባርቢታልም ልክ እንደዚሁ ነው። ጤና ጣቢያ ያሉት "ጉበት የተተከለላት" የሚለውን ካልነገርሻቸው በምን ያውቃሉ፣ የመድኃኒቶቿን ዝርዝር ቦርሳሽ ውስጥ ያዢ።

ገነት ካዛንቺስ (ሰኔ 5፣ ጠዋት 3:26)

ኪኒኑ ጠረጴዛ ላይ ነበር። አነሳሁት። እግዚአብሔር ይባርክዎ፣ እየደወልኩ ነው።

ፋርማሲስቷ ፒያሳ (ሰኔ 5፣ ቀን 8:00)

እግረ መንገዴን፣ ፒያሳና አራት ኪሎ ያላችሁ ቤት ሲፈርስ ግንብ ሲቆፈር በአጠገቡ ልጆቹን ይዛችሁ አትለፉ፣ አስፐርጊለስ በአቧራ ውስጥ ነው የሚጓዘው፣ የግድ ከሆነ መኪና ውስጥ መስኮት ዘግታችሁ። ክረምቱም ገብቷል፣ ግድግዳ ላይ ሻጋታ ካለ ልጁ እዛ ክፍል አይተኛ። ቮሪኮናዞል ቆዳንም ለፀሐይ ስስ ስለሚያደርግ ኮፍያና ረጅም እጅጌ ይልበሱ።

የናቲ እናት (ሰኔ 18፣ ማታ 2:40)

የጠፋሁት ሪዛልቱን ይዤ ልምጣ ብዬ ነው። ታክሮሊመስ በ3ኛው ቀን 6.9፣ በሳምንቱ 9.5። አልተነካም፣ 0.5 ላይ ነው። ለቮሪኮናዞሉ ከጠዋቱ 11:40 ላይ ላቡ በር ላይ ነበርን፣ ዶዙን በሲሪንጅ ቀድቼ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ፣ ደሙ 11:55 ተቀዳ፣ 12:00 ላይ እዛው ወንበር ላይ ሰጠሁት። ፎርሙ ላይ ሁለቱንም ሰዓት በሁለቱም አቆጣጠር እራሴ ጻፍኩት፣ የምትቀዳው ልጅ ገርሟት ፎቶ አነሳችው ለሌሎችም አሳያለሁ ብላ።

ዛሬ መጣ። 2.3። ሲቲውም ከዴልሂው ጋር ሲተያይ ቁስሉ አንሷል ተባለ። ገንፎውን አሁን 1 ሰዓት ተኩል ላይ በቅቤ ይበላል፣ ለቅሶውን ትቷል፣ መድኃኒቱን ከዋጠ በኋላ ሰዓቱን በጣቱ ያሳየኛል።

አንድ ነገር ብቻ፣ ጠርሙሱ በ14 ቀን ስለሚጣል የያዝኩት ሊያልቅ ነው፣ ከፒያሳ እስከ ስታዲየም ጠይቄ ሽሮፑን አላገኘሁም። ካጣሁ ኪኒኑን መፍጨት ይቻላል?

ፋርማሲስቷ ፒያሳ (ሰኔ 18፣ ማታ 3:00)

እልልል! የቮሪኮናዞል ኪኒን ይፈጫል፣ ፖሳኮናዞል ነው የማይፈጨው። ግን ከሽሮፕ ወደ ኪኒን መዞር እንደ ዶዝ ለውጥ ነው የሚቆጠረው፣ ለዴልሂ ነግረሽ፣ በ5 ቀኑ ቮሪኮናዞል፣ በ3 ቀኑ ታክሮሊመስ።

የሶሊ አባት (ሰኔ 18፣ ማታ 3:25)

የባለቤቴ እህት ሐሙስ ከዴልሂ ትመጣለች። የማዘዣውን ፎቶ በውስጥ መስመር ላኪልኝ፣ ሁለት ጠርሙስ ዱቄቱን ሳይበጠበጥ በበረዶ ቦርሳ ታመጣልሻለች። አርብ ጠዋት አራት ኪሎ አደርሰዋለሁ፣ ፍሪጅሽ ውስጥ ቦታ አዘጋጂ።